«እስኪያቃስት አትጠብቁ»፦ ቤት ውስጥ በሽተኛ ለምታስታምሙ

ሐዋሳ ውስጥ ነርስ ነኝ። መዳን የማይችሉ የካንሰር ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እከታተላለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን ከነመልሴ እነሆ።

ሲስተር፣ አባዬ ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። የሚጠጣ ሞርፊን ታዞለት ወንድሜ «ሱስ ያስይዘዋል፣ ቶሎም ይገድለዋል» ብሎ ጠርሙሱን ቆልፎበታል።

በወንድምህ አልፈርድም፣ ፍርሃቱን በየቤቱ አየዋለሁ። ግን በትንሹ ተጀምሮ በሐኪም እየተስተካከለ ለሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱም ሱስ ማለት አይደለም፤ በድንገት ማቋረጥ ነው የሚጎዳው። መቆለፉ ለልጆች ሲባል ደግ ነው፤ ቁልፉ ግን አባትህ አጠገብ በሚያድረው ሰው እጅ ይሁን።

ታዲያ ሲያመው ብቻ ብንሰጠውስ?

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ «በአፍ፣ በሰዓቱ» ያለው ወዶ አይደለም። የሚጠጣው ሞርፊን የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4 ስጡት። የመኝታውን መጠን ሐኪሙ እጥፍ ካደረገው የሌሊት 8ቱ ይቀራል፣ እናንተም ትተኛላችሁ። ታቦር አካባቢ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሰዓቶቹን ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ አያቷ በዋጡ ቁጥር በእርሳስ ምልክት ታደርግ ነበር። ከእኔ ካርድ የሷ ወረቀት ይበልጥ ነበር! በመሃል ካመመው የሚጨመረውንም ሐኪሙን አስጽፉ።

እንቅልፍና ማቅለሽለሹ በቀናት ውስጥ ይቀላል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልሰው ቢሳኮዲል አብሮ ከመጀመሪያው ቀን ይታዘዝለት። ቀስቅሳችሁት አልነቃ ካለ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውሉ።

ነርስ ሞርፊን ብታዝ ምን አለበት?

ዩጋንዳ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲያዙ እ.ኤ.አ. በ2004 ፈቅዳለች። እቀናባቸዋለሁ።

እናቴ ሁዳዴን እየጾመች ነው። እስከ 9 ሰዓት መድኃኒት አፏ አይገባም።

እኔን ሳይሆን የንስሐ አባቷን ጥሩላት። እኔ አንድ ሰዓት የለፈለፍኩትን እሳቸው «ልጄ፣ ለበሽተኛ ተፈቅዷል» ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱታል። ጠበሏንም አትከልክሏት፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም።

የእህቴ የጡት ቁስል ሽታ እያስቸገረን ነው። እንግዳ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች።

ሽታውን የሚያመጡት ቁስሉ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ጨው ውኃ እጠቡላት፤ ከዚያ ባክቴሪያ የሚገድለውን የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቃችሁ ነስንሱበት። የደረቀውን ፋሻ አትንጩት፣ በውኃው አርጥቡትና ራሱ ይለቅ። ማስታገሻዋን ከማጠባችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ትውሰድ። ዕጣን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ያልተቀጣጠለ ከሰል በሳህን አድርጎ አልጋዋ ሥር ማስቀመጡ ይሻላል።

አባቴ መብላት ትቷል። ግሉኮስ ይተከልለት?

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነቱ ምግብ ስለማይፈልግ ነው እንጂ ተርቦ አይደለም። በግሉኮሱ የሚገባው ፈሳሽ እግሩንና ሳንባውን ሊሞላው ይችላል። አንድ አባት የአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ አማረኝ ብለውኝ፣ ሦስት ማንኪያ ቀምሰው «በቃኝ» አሉ። በቃቸው። እናንተም ከንፈሩን ቫዝሊን ቀቡት፣ አፉን በረጠበ ፋሻ አብሱለት፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት።

አሁን ሲተነፍስ ጉሮሮው ያንኮራፋል። እየታነቀ ነው?

አይደለም። መዋጥ ያቃተው ምራቅና አክታ ነው፤ ከሱ ይልቅ እናንተን ነው የሚያስጨንቀው። በጎኑ አስተኙት፣ ራስጌውን ከፍ አድርጉ፣ ውኃ በግድ አታጠጡት። ሞርፊኑን ግን አታቋርጡ፤ ጉንጩ ውስጥ በጠብታ እንዴት እንደሚሰጥ ለማወቅ ለነርሳችሁ ደውሉ። ባይመልስላችሁም ሊሰማችሁ ይችላልና እያዋራችሁት ቆዩ። ለቅሶ የመጣበት ሰው ግቢ ወጥቶ ያልቅስ።