ለእጩው ምን እንጠይቀው? ከእድራችን ስብሰባ የተገኘ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ አራት ኪሎ፣ የእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት መጣ። ለከተማው ምክር ቤት እወዳደራለሁ አለን። ስለ ከተማዋ ዕድገት ሃያ ደቂቃ ተናገረ። አንደበቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ጥያቄ ሲጀመር ሌላ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ሄደ። ሰውም ወደኔ ዞረ። እኔ በከተማ ፕላን ሥራ ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ። የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን ጻፍ ስላሉኝ ይኸው።

ጋሼ፣ ምክር ቤት የገባ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

ቀላል የማይባል ነገር። በ1995 የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ መተዳደሪያ ሕጓ ማለት ነው፣ አዋጅ 361፣ በጀቱንም የከተማዋን ፕላንም የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው ይላል። ከንቲባም ይመርጣል። ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የከተማዋ ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ «ሁሉንም እቀይራለሁ» የሚል እጩ ወይ ቻርተሩን አላነበበም፣ ወይ እኛ አላነበብንም ብሎ ገምቷል።

ከተማዋ የምትሰፋው በዳር ነው። እኛን የመሀሎቹን ምን አገባን?

ቧንቧህን ክፈት። ውሃው የሚመጣው ከየት ይመስልሃል? ገፈርሳና ለገዳዲ ግድቦች ሁለቱም ከአዲስ አበባ ክልል ውጭ ናቸው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ዙሪያችንን የኦሮሚያው ሸገር ከተማ ከቦናል። አዲስ አበባንና የኦሮሚያ ልዩ ዞንን አጣምሮ የወጣው ፕላን ተቃውሞ አስነስቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ በ2008 መቅረቱን አትርሳ። ወጣቱ ስለ ጎረቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ዝምታው ነው።

እኔ ከአርባ ዓመት በላይ በቀበሌ ቤት ነው የኖርኩት። ነገ ቢፈርስ ምን ይደረግልኛል?

እትዬ፣ ይሄን እሱ እዚህ እያለ በጠየቁት ኖሮ።

ነገሩ ከ1967 ይጀምራል። አዋጅ 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። የእርስዎም ቤት ከነዚያ አንዱ ነው። ተከራይ ስለሆኑ የቤት ካሳ የለዎትም። የተለመደው ወይ ሌላ ቦታ ምትክ የቀበሌ ቤት፣ ወይ ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ነው። 20/80 ሲባል ደግሞ ሃያ በመቶውን ራስዎ ከፍለው ቀሪውን ከባንክ መበደር ነው። በጡረታ ብር እንዴት ይሆናል?

በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከዶሮ ማነቂያ የተነሱትን ያስታውሳሉ። እውነቱን ለመናገር መንገዱ አምሯል፤ እኔም ማታ ማታ እየወጣሁ እሄድበታለሁ። የነዚያ ቤቶችም ጣሪያ ያፈስስ ነበር፤ ሽንት ቤታቸው የአሥር ቤተሰብ ነበር። ማንም ናፍቆኛል ሊል አይችልም። ግን ሰው መሀል ከተማ የሚኖረው ለጣሪያው ብሎ አይደለም። እንጀራ ጋግራ ለሦስት ምግብ ቤት የምታቀርብ ሴት ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ ቤት አገኘች፤ ደንበኞቿ ግን እዚሁ ቀሩ። ቁርሷን ለታክሲ ትከፍላለች።

በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ፣ 1161፣ «የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ» ካሳ የሚባል ነገር አለው። ሕግ አውጪው እድርን ያውቃል ማለት ነው! እንግዲህ እጩውን እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ፣ ይሄ ካሳ ለቀበሌ ተከራይም እንዲደርስ ትሟገታለህ? በምትኩ የሚሠራውስ ቤት እዚሁ አራዳ ውስጥ ይሆናል?» አዎ ወይም አይደለም ይበልዎት። «እናጠናዋለን» ካለ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ።

ፎቅ መብዛቱን ትደግፋለህ?

እደግፋለሁ። ወደ ላይ ካልወጣን የገበሬ መሬት መብላታችን አይቀርም። ግን አራት ቤተሰብ በነበረበት ቦታ ጂ ፕላስ አሥር ሲቆም ከሥሩ ያለው የፍሳሽ ቱቦ ያው የድሮው ነው። ክረምት ላይ ቀበና ወንዝን ጠጋ ብለህ አሽትት። ፎቁን የሚያስመርቅ ባለሥልጣን ሞልቷል፤ ቱቦ ሲመረቅ ግን አይቼ አላውቅም።

የቤት ኪራይስ? አከራዬ በየስድስት ወሩ ይጨምርብኛል።

አይችልም። አዋጅ 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል፤ ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ በተፈቀደው መጠን ብቻ ነው። ውልህ በጽሑፍ ተመዝግቧል? ካልሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርስ።

የመሬት ሊዝ፣ ከመንግሥት ቦታ የሚያዝበት ውል፣ 99 ዓመት ነው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ለመኖሪያ ከሆነ አዎ። አዲስ አበባ ላይ ለንግድ 60 ነው።

ለምን እርስዎ አይወዳደሩም?

ሚስቴን ጠይቁልኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ለወጣቱ ደወለለት። የሚቀጥለው እሁድ እመጣለሁ ብሏል፤ ሌላ ቀጠሮም አልይዝም ብሏል። እትዬም የፊት ወንበር ይያዝልኝ ብለዋል።