ምዕራብ ኬንታኪ ልትገቡ ከሆነ ስለ ቶርኔዶ (የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ) ይህን እወቁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ባልሽ ምዕራብ ኬንታኪ ትንሽ ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ሥራ አግኝቷል። ርካሽ ሞባይል ሆም (ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ቀላል ቤት) አይታችኋል። "ቶርኔዶው እውነት ያሰጋል ወይስ ዜና ሲያጋንነው ነው?" ነው ያልሽው። እኔ የምኖረው ጎረቤት ቴነሲ፣ ናሽቪል ነው። አዎ፣ ያሰጋል። አትሂዱ ግን አልልሽም።

እዚህ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2020 ሌሊት መጥቶብናል። ምሥራቅ ናሽቪልን አፈራርሶ፣ ያው ደመና ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ኩክቪል አካባቢ 19 ሰው ገደለ። ትንሽ ከተማ ሲመታ ምን እንደሚመስል የገባኝ ግን ሜይፊልድን ካየሁ በኋላ ነው።

ሜይፊልድ ምዕራብ ኬንታኪ ውስጥ 10 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ዲሴምበር 10 ቀን 2021 ዓርብ ማታ ነው የተመታችው። ቀኑ ለዲሴምበር ከልክ በላይ ሞቃት ነበር። ያ አንድ ቶርኔዶ ብቻውን 266 ኪሎ ሜትር መሬት ለመሬት ተጉዞ 57 ሰው ገድሏል። ነፋሱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ልጆች ጋር ብርድ ልብስና ውሃ ጭነን ሄድን። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ዛፉ ነው። ቅርንጫፍ የሚባል የለውም፤ ግንዱ ላይ ቆርቆሮ እንደ ነጠላ ተጠምጥሞበታል። አንድ ቤት ጣሪያውም የውጭ ግድግዳውም ሄዷል። መሐል ያለችው ትንሽ መታጠቢያ ክፍል ብቻ ቆማለች። የሻምፖ ጠርሙሱ እንኳ ከመደርደሪያው አልወረደም። ባለቤቲቱ የተረፉት እዚያች ውስጥ ተኮራምተው ነው።

ናሽቪል ሲመታ ሌላው ሰፈር ይቆማል። ሆስፒታሉ አለ፣ የሚከራይ ቤት አለ፣ ሥራ አለ። ሜይፊልድ ግን መሐል ልቧን ተመታች። የፍርድ ቤቱ የሰዓት ማማ ወደቀ። የውሃ ማማውም ወደቀ። የእሳት አደጋ ጣቢያው ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ይረዳል የተባለው ራሱ ረዳት ፈላጊ ሆነ ማለት ነው። የሻማ ፋብሪካው የማታ ሺፍት ላይ ነበር፤ ውስጡ ከነበሩት 110 ገደማ ሰዎች 9ኙ ሞቱ። የተረፉት ብዙዎቹ በአንድ ሌሊት ሥራም ቤትም አጡ። ዶውሰን ስፕሪንግስ የምትባለው ትንሽ ከተማም እንደዚያው ወደመች። በዚያው ሌሊት እዚያው ኬንታኪ ቦውሊንግ ግሪን ከተማ ላይ ሌላ ቶርኔዶ 17 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ መካከል እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው አሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አዲስ ገቢ ሰው ላይ ደጋግሜ የማየው ችግር የካውንቲውን (ከተሞችን የሚያቅፈውን የአስተዳደር ክልል) ስም አለማወቅ ነው። የከተማውን ስም ሁሉም ያውቃል፤ ቴሌቪዥኑና ራዲዮው ግን ማስጠንቀቂያውን በካውንቲ ነው የሚጠሩት። "ግሬቭስ ካውንቲ" ሲባል ሜይፊልድ ያለ ሰው እኔን ነው ካላለ፣ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ በከንቱ ይጨርሳታል። ስለዚህ የራሳችሁን፣ በስተ ምዕራብና በስተ ደቡብ ምዕራብ ያሉትንም ካውንቲዎች ልጆቹ ሳይቀሩ ይወቁ። ቶርኔዶ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሳይረኑን (ከተማው የሚያስጮኸውን የአደጋ ድምፅ) አትመኚ። የተሠራው ደጅ ላለ ሰው ነው፤ በር ዘግቶ የተኛ ላይሰማው ይችላል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ራዲዮ ግዙ። የስልካችሁንም የአደጋ ማንቂያ ማታ አታጥፉት።

ሞባይል ሆሙን በተመለከተ፣ እባክሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። በቶርኔዶ ቤታቸው ውስጥ ከሚሞቱት ብዙዎቹ እዚያ ውስጥ የነበሩ ናቸው። የግድ ከሆነ ዋርኒንግ (ቶርኔዶ ታይቷል የሚለው ማስጠንቀቂያ) እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ገና ዎች (ሊነሣ ይችላል የሚለው) ሲታወጅ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ሂዱ። ደህና ቤት ካገኛችሁ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለው ክፍል)፣ እሱ ከሌለ ከታችኛው ፎቅ መስኮት የሌለው የመሐል ክፍል ግቡ። ጫማ አድርጉ፤ በኋላ መሬቱ ሁሉ ምስማርና ብርጭቆ ነው። የብስክሌት ሄልሜት ካለ ልጆቹ ያድርጉት። ባልሽም ሥራ በሚጀምርበት ቀን የፋብሪካው መጠለያ የት እንደሆነ ይጠይቅ፤ አያሳፍርም።

ወረቀታችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት። ከዶውሰን ስፕሪንግስ የበረረ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ 200 ኪሎ ሜትር አልፎ ኢንዲያና ውስጥ መኪና ላይ ተለጥፎ ተገኝቷል። ግሪን ካርድም እንዲሁ ይሄዳል። የተከራይ ኢንሹራንስ ግቡ፤ የባለቤቱ ኢንሹራንስ የእናንተን ዕቃ አይከፍልም። ፌማ (የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት) ደግሞ ዜጋ ላልሆነም ግሪን ካርድ ወይም አሳይለም (ጥገኝነት) ካለው ይረዳል። እናንተ ባይኖራችሁ እንኳ አሜሪካ በተወለደው ልጃችሁ ስም ማመልከት ይቻላል።

የምትገቡበትን ካውንቲ እዚሁ ጻፊልኝ። የሕዝብ መጠለያ እንዳለው ዛሬ ማታ አይቼ እነግርሻለሁ።