መልስ፦ ስለ ጨጓራ ቀዶ ሕክምናው ለማን ልንገር?

እህቴ፣ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራሽን ልትሠሪ እንደሆነ ደብረ ብርሃን ላሉት ቤተሰቦችሽ ልንገር ወይስ ልተወው ብለሽ ጠይቀሻል። ሰውነቱ ያንቺ ነው። ለጎረቤት ሁሉ የመናገር ግዴታ የለብሽም። ለመሥሪያ ቤት «ቀዶ ሕክምና አለብኝ» ይበቃል።

እናትሽ ግን ይወቁ። ስሊቭ በሚባለው ዓይነት ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ ነው፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት ጥቂት እያሉ መብላት ነው። የሰሜን ሸዋን ሰው ታውቂዋለሽ። «በሞቴ!» ብሎ ጉርሻ ጠቅልሎ ከፊትሽ ሲቆም እምቢ ማለት ይጨንቃል። ያን ጊዜ «ተዋት፣ ሐኪም ከልክሏታል» የሚልልሽ ሰው ያስፈልግሻል። አረቄም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ነው የሚያሰክረው፤ በማኅበር ቀን ይሄን የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ።

ጿሚ ከሆንሽ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ቁስሉ እስኪጠግግ በቂ ፕሮቲን ማግኘት አለብሽ፤ ስለ ጾሙ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሐኪምና ፋርማሲ ላይ ግን መደበቅ ብሎ ነገር የለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራሽን ሊያቆስሉት ይችላሉ። ለራስ ምታት ማስታገሻ ስትገዢም ቢሆን መሠራትሽን ተናገሪ።