እህቴን በምን ላግዛት?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ታናሽ እህቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አብራኝ ትኖራለች። የወር አበባዋ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ አገጯ ላይ ፀጉር ያበቅልባታል። ሐኪም መርምሯት «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ነው፤ ክብደት ቀንሺ» አላት። 78 ኪሎ ናት። ስለ ኪሎዋ ስናገር ትቆጣለች። ምግብ የማበስለው እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስለ ኪሎዋ መናገሩን ይተዉት፤ እርስዎ የሚያግዟት በድስቱ ነው። ሕመሙ የስንፍና ውጤት አይደለም፤ ቀጫጭን ሴቶችንም ይይዛል። ሰውነት ለኢንሱሊን (የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን) በደንብ አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) የወንዴ ሆርሞን እንዲያበዛ ያደርጋል። ፀጉሩም የወር አበባው መዛባትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በአልትራሳውንድ የሚታዩትም ሳይበስሉ የቀሩ የእንቁላል ከረጢቶች እንጂ በቀዶ ጥገና የሚወጣ ዕጢ አይደሉም።

ከሻይ ይጀምሩ። በስኒ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 4 ስኒ ከሆነ ወደ 50 ግራም ስኳር ነው። በየሳምንቱ ከስኒው ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ በአንድ ቀን የተቆረጠ ስኳር ቶሎ ይመለሳል። የሚቀነሰውም ለቤቱ ሁሉ ይሁን፤ ለእሷ ብቻ ከሆነ ቅጣት ይመስላታል።

እንጀራ አይከለከልም። ችግሩ ወጡ አንሶ እንጀራው ሲበዛ ነው። ከምትበላው ግማሹ ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ የቀረው ሩብ እንጀራ ይሁን። ዘይት በሾርባ ማንኪያ ይለኩ፤ አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ አለው። በጾም ብዙዎች የሚሳሳቱት እስከ 9 ሰዓት ቆይተው በፓስታና በዳቦ ሲጠግቡ ነው፤ ምስሩና ጎመኑ ይቅደም። ጠግቤያለሁ ስትል ደግሞ፣ እባክዎ፣ ጉርሻ አይጨምሩባት።

እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ያስፈልጋታል፤ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በ5 ቀን ማለት ነው። ሲመሽ መንገዱ ስለሚያሰጋ ጠዋት አብረዋት ይውጡ፣ ወይም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማ ትውረድ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ተከታታይ ሳይሆን፣ የጡንቻ ሥራ ይጨመር፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ፣ በ3 ዙር። ኪሎዋ ባይቀንስ እንኳ ይህ ኢንሱሊኑን ይረዳል።

4 ኪሎ ብትቀንስ ከክብደቷ 5 በመቶ ነው፤ በብዙ ሴቶች ዑደቱ መስተካከል የሚጀምረው በዚህ መጠን ነው። ሚዛን በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ የወር አበባዋን ቀን ግን ራሷ ትመዝግብ።

የወር አበባዋ ሳይመጣ 90 ቀን ካለፈ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ የማሕፀን ግድግዳ ሳይጸዳ እየወፈረ መቆየት የለበትም። እርግዝና ሊፈጠር ስለሚችልም ያ አስቀድሞ ይመርመር። ሜትፎርሚን (ሰውነት ለኢንሱሊን እንዲታዘዝ የሚረዳ መድኃኒት) ታዞላት ከሆነ ከምግብ ጋር ትውሰድ፤ ሆዷን ቢረብሻት ለሐኪሟ ትንገር እንጂ በራሷ አታቋርጥ። የስኳርና የደም ግፊት ምርመራም ይደረግላት። «ስትወልድ ይለቃታል» የሚላትን ጎረቤት እርስዎ ይመልሱላት። ጭንቀትና ድብርት ከዚህ ሕመም ጋር ብዙ ጊዜ ይመጣሉ፤ እንቅልፍ ካጣች ወይም ከሰው ከሸሸች ይህንንም ለሐኪሟ እንድትነግር ያበረታቷት።