የልጅ ጭንቀትና የእጅ ስልክ፦ ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

የሰሞኑ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የልጅ ነገርና ስልክ የተገናኙባቸው ናቸው። ድሬ ነንና አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ሐረሮችም አትቀየሙኝ።

«ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ አይናገርም። ጎረቤቴ በቴሌግራም የኦቲዝም መጠይቅ ላከችልኝ። ሞላሁት፤ ‹ከፍተኛ ስጋት› አለኝ። ሳለቅስ አደርኩ። ቤታችን አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ስለሚነገር ግራ ገብቶት ይሆን?» (ከሳቢያን)

እህቴ፣ ቋንቋ መብዛቱ ኦቲዝም አያመጣም። የድሬ ልጅ ድሮም ሦስት ቋንቋ እየሰማ ነው የሚያድገው፤ አንዱንም አትቀንሺበት።

የሞላሽው ኤም-ቻት የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። 20 ጥያቄዎች አሉት፤ የተዘጋጀው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው። ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል ወይ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ውጤቱ፣ ማለትም ስጋት የሚያሳዩት መልሶች ብዛት፣ ከ3 እስከ 7 ከሆነ ባለሙያ አንዳንዶቹን ጥያቄዎች መልሶ ያጣራል። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በቀጥታ ለምርመራ ይላካል። ያየሽው ቃል «ሄደሽ አስመርምሪው» ነው የሚልሽ፤ በሽታውን አረጋግጦ አልነገረሽም። ደግሞ ከጥያቄዎቹ ሦስቱ ተገልብጠው ነው የሚቆጠሩት፤ በእነሱ ላይ ስጋት የሚያሳየው «አዎ» ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ትርጉም ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደደመረው በምን ይታወቃል?

ድል ጮራ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ውሰጂው። ጆሮውንም እንዲያዩለት ጠይቂ፤ በደንብ የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም። ስልክሽ ይበልጥ የሚጠቅምሽ እዚህ ላይ ነው። ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ስትጠሪው አጫጭር ቪዲዮ ቅረጪ። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ያለቅሳል ወይ ድርቅ ይላል፤ ቪዲዮው የቤቱን ልጅ ያሳያቸዋል። ለሰፈር ግሩፕ ግን እንዳትልኪው! የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ የሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ዝም እንዲል ብለሽ ዩቲዩብ ከፍተሽለት ከሆነ እሱንም ቀንሺ።

«የ15 ዓመት ልጄ ለጓደኛዋ ‹ባልኖር ይሻላል› ብላ ጽፋ አየሁ። የምክር አፕ ላውርድላት ወይስ ልቆጣት?» (ከከዚራ)

አፑም ቁጣውም ይቆይ። ዛሬውኑ አጠገቧ ቁጭ በዪ። «ጽሑፍሽን አይቻለሁ፤ ፈራሁልሽ» በያት፤ ማየትሽን አትደብቂ። ከዚያ «ራስሽን ለመግደል አስበሻል ወይ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ይህ በጥናት የታየ ነው። አዎ ካለችሽ ለደቂቃም ብቻዋን አትተያት። መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከቤት አውጪ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አይደለም ብትልሽም ሐኪም ሳያያት ሳምንቱ አይለፍ። ስልኩን አትንጠቂያት፤ ልቧን የምትነግረው ለዚያች ጓደኛዋ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«8ኛ ክፍል የሆነው ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ኤአይ ብጠይቀው በሽታውን ያውቀዋል?» (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ አያጣም አቦ፤ ሲሳሳትም በዚያው በራስ መተማመን ነው የሚነግርህ። ሐኪሙን የምትጠይቀውን ለማሰናዳት ተጠቀምበት። የመድኃኒት ስምና መጠን ግን ከእሱ አትቀበል፤ የልጁን ስም፣ ፎቶና ትምህርት ቤትም አትስጠው።

ሕመሙ የውሸት ነው እንዳትል፤ ጭንቀት ሆድን በእውነት ያማል። በስልክህ ማስታወሻ ላይ ቀኑን ጻፍ። ሰኞ አሞት ቅዳሜ ደህና ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ ወይ መንገድ ላይ የሚያስፈራው ነገር ይኖር ይሆናል። ኤስዲኪው የሚባል የልጅን ስሜትና ጠባይ የሚያይ 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅም አለ። ወላጅ ይሞላዋል፣ መምህር ይሞላዋል፤ 11 ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ስለ ራሱ ይሞላል። እኔ የምወደው ሦስቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። አንተ «ጨዋ ነው» ያልከውን መምህሩ «ከማንም ጋር አይጫወትም» ሊለው ይችላል፤ ወሬው ከዚያ ይጀመራል። የተሞላውን ይዘህ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሂድ።

«የልጆች ሳይኮሎጂስት ነኝ ያለኝ ሰው በቴሌግራም አግኝቶኝ ክፍያውን በቴሌብር አስቀድመሽ ላኪ አለኝ።»

አትላኪ። የሙያ ፈቃዱንና የሚሠራበትን ተቋም ጠይቂው፤ ወደ ተቋሙ ደውለሽም አረጋግጪ። «ልጁን ሳላየው አድነዋለሁ» ካለሽ ብሎክ።

«ጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ባለቤቴ ልጃችንን ለአእምሮ ሐኪም ስታሳይ እኔ ምን ላግዝ?»

ሐኪሙ ስለ እናቱ ብቻ አይጠይቅም፤ ያንተንም ወገን ማወቅ ይፈልጋል። በዘመዶችህ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ካለ፣ አንተም በልጅነትህ እንዴት እንደነበርክ በድምፅ ቅዳና ላክላት። ሐኪሙ ከፈቀደ በቀጠሮው ሰዓት በዋትስአፕ ግባ፤ ኔትወርክ ካስቸገረ ቪዲዮውን አጥፋው፣ ድምፅ ይበቃል። የቀጠሮ ካርዱን ፎቶ አንስታ ትላክልህ። ቀኑን ስልክህ ላይ ሙላና ከአለቃህ ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፤ በዚያ ሰዓት መሪ ላይ እንዳትሆን።