ስለ ድህነት ጥናት ገንዘብ ጥያቄ ያላችሁ ኑ

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ አሜሪካ ለድህነት ጥናት ገንዘብ በሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ስሰራ ጥቂት አመታት ሆኖኛል፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡን ኮሌጁ ነው ከኪሱ የሚያወጣው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የለጋሽ ነው። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብለም ሴንተር የሚባለው የድህነት ጥናት ማዕከል ለምሳሌ 2006 ላይ የተከፈተው ሪቻርድ ብለም የሚባል ባለሀብት በሰጠው ገንዘብ ነው። ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጄፓል የሚባለው የድህነት ጥናት ማዕከል ደግሞ ከለጋሾች ሰብስቦ በውድድር ያከፋፍላል፣ 2003 ላይ ከመሰረቱት ውስጥ ባነርጂና ዱፍሎ የሚባሉት ኢኮኖሚስቶች ናቸው 2019 ላይ ከሌላው ኢኮኖሚስት ከክሬመር ጋር ኖቤል የወሰዱት።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ጄፓል ጋ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፒኤችዲ ከሆንሽና አማካሪሽ እነሱ የተመራማሪዎች ኔትወርክ ውስጥ ካለ ትችያለሽ፣ ስለዚህ አድቫይዘር ስትመርጪ ይሄን አስቢበት። ዲግሪና ማስተርስ ላይ ያላችሁ ዲፓርትመንታችሁ የክረምት የጉዞ ገንዘብ እንዳለው ጠይቁ፣ ትንሽ ናት ግን ሄዳችሁ ሰው አናግራችሁ ስትመለሱ ፕሮፖዛላችሁ ነፍስ ይዘራል።

ጥያቄ፦ ለድሃው ግን ምን ፈየደለት? እኛ ሰፈርም መጥተው ጠይቀው በዛው ጠፉ።

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ ውጤቱን ተመልሶ ለሰፈሩ ሰው አለመንገር ነውር ነው፣ እኔንም ያናድደኛል። ግን አንዱን ስማ፦ ብላትማንና ደርኮን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ላይ ስራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚሆኑ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ በእጣ ከፋፈሏቸው፣ ለአንዱ ቡድን ስራው ተሰጠ፣ ለአንዱ 300 ዶላር ከንግድ ስልጠና ጋር፣ ለሌላው ምንም። ስራው ከደረሳቸው ሲሶ የሚሆኑት በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ አመት ሳይሞላ 77 በመቶው። ብሩን ያገኙት ገቢያቸው ከአንድ አመት በኋላ ምንም ካልተሰጣቸው በ33 በመቶ በለጠ፣ አምስት አመት ቆይተው ሲያዩ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ያ ሁለተኛ ዙር ባይከፈልለት ኖሮ የመጀመሪያውን አመት ብቻ ይዘን ብር ስጡ በቃ እንል ነበር፣ ለዛ ነው ተመልሶ መሄጃ ገንዘብ ከመጀመሪያው ይያዝ ብዬ የምጨቀጭቀው።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛል ስታዩ ምኑ ያስከፋል?

መልስ፦ በጀቱ። የፕሮፌሰሩ የአውሮፕላን ትኬት አለ፣ መጠይቁን ወደ ወላይትኛ የሚተረጉመው ሰው ክፍያ የለም። ዳታ ሰብሳቢዎቹ በፀሐይ ቤት ለቤት የሚዞሩ ልጆች ናቸው፣ አበላቸውንና ትራንስፖርታቸውን በደንብ ያዙላቸው፣ ስራዋን አቁማ ሁለት ሰአት ለምትመልስላችሁ እናትም የጊዜዋን ክፈሉ። ሰው ላይ ጥናት ለማድረግ የሚጠየቀውን የስነምግባር ፈቃድ ደግሞ ከዚህም ከሀገር ቤትም ቀድማችሁ ጀምሩት፣ ይቆያል።