ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ የሚንቀሳቀስ ቅርፃቅርፅ ልስራ ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮምፒውተር ሳይንስ 4ኛ አመት ነሽ፣ ብየዳና ሽቦ መነካካት ትወጃለሽ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሆነውን ነገር ለማንም ሰው በሚንቀሳቀስ ቅርፃቅርፅ ማሳየት አምሮሻል፣ ቤተሰብ ደግሞ "ባንክ አይቲ ግቢ፣ ይሄ እንጀራ አይሆንም" ብለዋል። እውነት ለመናገር ግማሹን ልክ ናቸው፣ "የሚንቀሳቀስ ቅርፃቅርፅ ሰሪ" ተብሎ የወጣ ክፍት የስራ ቦታ ፈልገሽ አታገኚም። ስራው ግን አለ።

መጀመሪያ ስለ ሀሳብሽ። ሙኒክ ቢኤምደብሊው ሙዚየም እንዳለው ብዙ ኳስ ከጣራ ላንጠልጥል ብለሻል። ያንን አርትፕላስኮም የሚባለው የበርሊን ስቱዲዮ ነው እ.ኤ.አ በ2008 የሰራው፣ 714 የብረት ኳስ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሞተር አለው። በጣም ያምራል፣ ግን ያየው ሰው ስለ ኮምፒውተር ምን አውቆ ወጣ? ምንም። ኳሶቹ የመኪና ቅርፅ ይሰራሉ፣ አለቀ። ደሞ የ714 ሞተር ብር የትልቅ ካምፓኒ ብር ነው፣ ተይው።

ይልቅ አርቲስቷ ናታሊ ጀረሚጄንኮ እ.ኤ.አ 1995 አካባቢ ካሊፎርኒያ ዜሮክስ ፓርክ የሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ የሰራችውን እዪ። ጣራ ላይ አንድ ትንሽ ሞተር፣ ከሱ የተንጠለጠለ 2 ሜትር ተኩል የማይሞላ የፕላስቲክ ገመድ፣ ሞተሩ ከኔትወርክ ኬብሉ ጋር ተገናኝቷል፣ በቃ። ዳታ ባለፈ ቁጥር ገመዱ ንቅንቅ ይላል፣ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ እንደ እብድ ይሽከረከራል፣ ጭር ሲል በየተወሰነ ሰከንዱ ብቻ ዝንፍ ይላል። ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሁሉ ኔትወርኩ ስራ እንደበዛበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል! እንቅስቃሴው ራሱ ነው ዳታው፣ ከላይ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም። የአሜሪካዊው ቀራፂ የአርተር ጋንሰን ማሽንም እንደዛው ነው፣ ሞተር ያዞራል፣ 12 ጥንድ ማርሽ ተከታትሎ እያንዳንዱ ጥንድ ፍጥነቱን 50 እጥፍ ይቀንሳል፣ የመጨረሻው ማርሽ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሯል፣ ሞተሩ ግን ምንም ሳይሆን ይሰራል፣ ምክንያቱም ያ ማርሽ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ2 ትሪሊዮን አመት በላይ ይፈልጋል። ፓስዎርድ ላይም እያንዳንዱ ፊደል መሞከር ያለበትን ብዛት እንዲሁ ያባዛዋል፣ አንድ ፊደል መጨመር ለምን ያን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ሀሳብ ብቻ ምረጪ። እኔ ብሆን ባይነሪ ቆጣሪ (ኮምፒውተር እንደሚያደርገው በ0 እና በ1 ብቻ የሚቆጥር) እሰራ ነበር፦ 8 የሚገለበጡ ጣውላዎች፣ በአንድ በኩል ነጭ በሌላው ጥቁር፣ እያንዳንዷ ሁለቴ ስትገለበጥ ቀጣይዋን አንዴ ትገለብጣለች፣ ህፃን ልጅ በእጁ ያዞረዋል፣ በአንድ ዙር የመጀመሪያዋ አንዴ ትገለበጣለች። ስምንተኛዋ መጀመሪያ የምትገለበጠው 128ኛው ዙር ላይ ስለሆነ ልጁ እዛ ለመድረስ ላቡ ጠብ ይላል፣ ያኔ ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ ምን ማለት እንደሆነ ክንዱ ያውቀዋል። ሞተር የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ይሰራል። ኩሽኔታና ላሜራ ምናለሽ ተራ ታገኛለሽ። በኋላ ሞተር ካማረሽ የተበላሸ ፕሪንተር ፍቺ፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ጥሩ ስቴፐር ሞተር (በትንሽ በትንሹ እየተቆጠረ የሚዞር) ታገኛለሽ።

ሰርተሽ ስትጨርሺ ክላስሜቶችሽን አታሳዪ፣ እነሱማ ያውቁታል። ሰው በሚበዛበት አስቀምጪውና ዝም ብለሽ ቆመሽ እዪ፣ አንድም ቃል አታስረጂ። ማስረዳት ካስፈለገሽ ዲዛይኑ አልሰራም ማለት ነው፣ መልሺና ቀይሪው። ደሞ ሰው ይጎትተዋል፣ ይሰብረዋል፣ የት እንደተሰበረና እንዴት እንዳጠናከርሽው በደንብ መዝግቢ፣ ምክንያቱም ቀጣሪ ገንዘብ የሚከፍለው ለውበቱ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሳይበላሽ ለሚሰራ ነገር ነው።

ማን ይቀጥራል? የሳይንስ ሙዚየሞች፣ ኤግዚቢሽን የሚሰሩ ስቱዲዮዎች። አዲስ አበባም በ2015 ዓ.ም የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም አለ፣ ባዶ እጅሽን ሳይሆን እቃውን ይዘሽ ሂጂና አናግሪያቸው። ውጭ ሀገር ስትፈልጊ "ኤግዚቢት ዴቨሎፐር" ወይ "ክሪኤቲቭ ቴክኖሎጂስት" በሚል ፈልጊ። ማስተርስ ካሰብሽ አይቲፒ የሚባለውን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም እዪ፣ እ.ኤ.አ በ1999 ከ830 ቁራጭ እንጨት ፊቱ የቆመውን ሰው ምስል የሚያሳይ መስታወት የሰራው ዳንኤል ሮዚን እዛ ያስተምራል።

እስከዛው ባንኩ ከጠራሽ ግቢ፣ እኔ በበኩሌ ችግር አይታየኝም፣ ደሞዙ ላሜራ ይገዛል። ሲቪሽ ላይ ብቻ "አርቲስት" ብለሽ አትለፊው፣ ምን እንደሰራሽ፣ ስንት እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንዳዞረውና ስንት ቀን ሳይበላሽ እንደቆመ ጻፊ፣ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮም አያይዢበት።